ለአሮጌው ቁም ሣጥን የሰጠነው ዓመት፦ የልብስ ስፌትና የእጅ ሥራ ክበብ ዘገባ፣ 2011 ዓ.ም.

በ2011 የትምህርት ዘመን የልብስ ስፌትና የእጅ ሥራ ክበባችን 34 አባላት ነበሩት፤ ከእነዚህ 21ዱ ሴቶች፣ 13ቱ ደግሞ ወንዶች ናቸው። ዓመቱ ሲነሣ በወላጆች ቀን የታዩት የጥልፍ ሥራዎችና በክበቡ አባላት እጅ የተጠገኑት ዩኒፎርሞች ቀድመው እንደሚታወሱ አውቃለሁ። እኔ ግን የዘንድሮውን ዘገባ በዕቃ ክፍላችን ጥግ ለቆመው አሮጌ ቁም ሣጥን መስጠትን መርጫለሁ፤ ምክንያቱም ሌላው ሥራ ሁሉ መስመር የያዘው እርሱ መስመር ከያዘ በኋላ ነው።

ቁም ሣጥኑ ቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ነበር። አንዱ በሩ ከማጠፊያው ተነቅሎ በገመድ ታስሮ፣ ከአራቱ መደርደሪያዎች ሁለቱ ጠፍተው ነው የተረከብነው። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉና ዚፑ በፌስታል እየተቋጠረ አንዱ በአንዱ ላይ ይጣል ስለነበር፣ አንድ ተማሪ ጥቁር ክር ፈልጎ እስኪያገኝ የክበቡ ሰዓት ሊጋመስ ይችል ነበር። ያልተገኘው ደግሞ እንደገና ይገዛል። ለዓመቱ የተመደበልን 1,500 ብር ስለሆነ፣ ያለንን ሳናውቅ መግዛታችን ከሁሉ ይልቅ የጎዳን ነገር እንደነበር ቆይቶ ነው የገባኝ።

ቆይቶ ያልኩት የራሴን ጥፋት ለመሸፈን ስላልፈለግሁ ነው። በጥቅምት ወር፣ ገና ምን እንዳለን እንኳ ሳናይ፣ ክዳን ያላቸው አምስት የፕላስቲክ ሣጥኖች በ400 ብር ገዛሁ። ሣጥኖቹ ጥልቅ ናቸው፤ ውስጣቸውም ከውጭ አይታይም። ቁልፍ ስንከትባቸው ወደ ታች ሰመጠ፤ ክር ስንከትባቸው ተጠላለፈ። ከበጀታችን ሩብ በላይ የሆነው ገንዘብ የወጣው፣ በፌስታል ውስጥ የነበረውን ዝብርቅርቅ ወደ ፕላስቲክ ለማዛወር ብቻ ሆነ። ሻጩ መልሶ አልተቀበለኝም፤ አልፈረድኩበትም።

በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት የቁም ሣጥኑን ዕቃ በሙሉ አውጥተን በግቢው ሣር ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ዘረገፍነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ላይ እጅ የሚያደነዝዝ ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ደግ ነበረች፤ ቆጠራው ሁለት ረቡዕ ወሰደ። ከተጀመሩት የክር በከራዎች 23ቱ ነጭ ሲሆኑ ጥቁሩ አንድ ብቻ ነበር፤ በየዓመቱ ዕቃ የሚገዛው ሰው ነጭ ሳይይዝ አይመለስም ነበርና። በመስኮቱ በኩል ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ሲመታቸው የኖሩት ክሮች በሁለት እጅ ሳብ ሲደረጉ ብጥስ ይላሉ። እነዚህን ለመለማመጃ እንኳ አላስቀመጥናቸውም፤ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ጀማሪ ተማሪ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ዘጠኝ ፓኮ የመኪና መርፌ ስናገኝ ተደሰትን፤ ደስታችን ግን ወዲያው ቀዘቀዘ። የሁለቱ በእግር የሚረገጡ መኪናዎቻችን መርፌ ወደ መኪናው የሚገባው ወፍራም ጫፉ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ የተገኙት ግን ድቡልቡል የሆኑ የፋብሪካ መኪና መርፌዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ግዢ የሚላክ ሰው አሮጌውን መርፌ በወረቀት ጠቅልሎ ለናሙና ይዞ ይሄዳል። ለቴትሮንና ለአቡጀዲ 14 ቁጥር፣ ለካኪ ዩኒፎርም ደግሞ 16 ቁጥር እንደሚያስፈልግም በቁም ሣጥኑ በር ላይ ጽፈናል።

ከሁሉ ያስገረመን የሜትሮቹ ነገር ነው። ሰባቱን ሜትሮች ከሒሳብ ክፍል በተዋስነው የእንጨት ማስመሪያ ላይ አንድ በአንድ ስንዘረጋቸው፣ ሁለቱ በመሳብ ብዛት ረዝመው አንደኛው 150 ሲል ከትክክለኛው ልክ በ1.5 ሴንቲ ሜትር በልጦ ተገኘ። ባለፈው ዓመት አንዱን የሹራብ እጅጌ ከሌላው ያሳጠረው የልጆቹ ስንፍና ነው ብዬ ነበርና፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሁለት ተማሪዎች በክበቡ ፊት ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

የመቀሶቹ ታሪክ አጭር ነው፤ ግን ያናድዳል። ከአሥራ አንዱ አራቱ ተሰብረዋል፤ የቀሩት ሰባቱ ወረቀትና ካርቶን ሲቆርጡ ኖረው ደንዘዋል። በ70 ብር ካስሞረድናቸው በኋላ አምስቱን ለጨርቅ፣ ሁለቱን ለወረቀት ለየናቸው፤ የጨርቆቹ እጀታ ላይ ቀይ ብጣሽ ታስሮባቸዋል። ቀይ ያሰረውን መቀስ ለግድግዳ ማስታወቂያ መቁረጫ ሊዋስ የሚመጣ ባልደረባ፣ እኔን ሳይሆን በር ላይ የምትቆመውን የ5ኛ ክፍል ተማሪ ማሳመን አለበት፤ እስካሁን የተሳካለት የለም።

ከዚያ ቁም ሣጥኑን ወደ መጠገን አለፍን። ከተሰባበሩ ዴስኮች በተገኘ ጣውላ ሁለቱን መደርደሪያዎች ተካን፤ በሩን በአዲስ ማጠፊያ መለስን፤ ለማጠፊያው፣ ለምስማሩና ለጓጉንቸሩ 270 ብር ወጣ። የዕቃ ማስቀመጫው ግን ገንዘብ አልጠየቀንም። ልጆቹ ከየቤታቸው የጫማ ካርቶን፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ የእንቁላል መደርደሪያና ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አመጡ። እንቁላል የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች ለቁልፍ የተሠሩ ይመስላሉ። ጠርሙሶቹን ከአንገታቸው በታች ቆርጠን ዚፕና ላስቲክ አቆምንባቸው፤ ውስጣቸው ስለሚታይ ከገዛኋቸው ሣጥኖች ይልቅ ጠቀሙን። ክሩ በተርታ ምስማር በተመታበት ጣውላ ላይ ተሰካ። በበሩ ጀርባ ከአሮጌ ጂንስ ሱሪዎች የተፈቱ አሥራ ሁለት ኪሶችን ማዳበሪያ ላይ ሰፍተን ሰቀልን፤ ኖራ፣ ስፒል፣ ኪሮሽና መርፌ መሰኪያ እዚያ ይገባሉ። ኖራ የምንለውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ታጥቦበት የሳሳ የደረቀ ሳሙና ነው፤ ጨርቅ ላይ ጥሩ አድርጎ ያሰምራል፤ በኋላም በውኃ ይለቃል።

ጨርቁን በመጀመሪያ ያደራጀሁት እኔ በተማርኩበት መንገድ ነው፦ ጥጥ ለብቻ፣ ቴትሮን ለብቻ፣ ሱፍ ለብቻ። አንድ ወር አልቆየም፤ ተመልሶ ተደባለቀ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ እኛ እኮ ጥጥ ብለን አይደለም የምንፈልገው፤ የጉልበት መጣፊያ ብለን ነው» አለችኝ። በእርሷ ሐሳብ መደርደሪያዎቹ በጨርቁ ዓይነት መሆናቸው ቀርቶ በሥራው ተከፋፈሉ፦ የላይኛው ለጥልፍ፣ ሁለተኛው ለዩኒፎርም ጥገና፣ ሦስተኛው ለሹራብና ለኪሮሽ፣ የታችኛው ለጀማሪዎች መለማመጃ። ጨርቁ በካርቶን ላይ ተጠምጥሞ እንደ መጽሐፍ ስለቆመ አንዱን ለማውጣት ሌላውን መናድ አያስፈልግም። ከስንዝር ያነሰ ብጣሽ ወደ መደርደሪያው አይመለስም፤ መርፌ መሰኪያ መሙያ ወይም ለታናናሾቹ የጨርቅ ኳስ ይሆናል። በዚህ ዓመት የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች በስድስት የጨርቅ ኳስ ተጫውተዋል። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በየቆርቆሮው ፊት ለፊት በውስጡ ካለው ዕቃ አንድ ናሙና ተለጥፏል።

ዕቃ እንዳይጠፋ መዝገብ ከፍተን ነበር፤ የሚጽፍበት ግን አልተገኘም፤ ደወል ሲደወል ሁሉም ይሮጣል። በመዝገቡ ፈንታ 34 ቆርኪዎችን በምስማር በስተን፣ የየአባሉን ቁጥር ጽፈን፣ መቀስ ወይም ሜትር የወሰደ ሰው በቦታው ቆርኪውን እንዲሰቅል አደረግን። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ የጠፋብን አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ እርሱም ቆርኪውን ሳልሰቅል እኔ ቤት ይዤው ሄጄ ነበር።

በግንቦት ወር ከባድ ነገር ገጠመን። የግቢያችን ጥበቃ የሆኑት አባት ከመንዝ የመጣ የበግ ጠጉር በነፃ ሰጥተውን ነበር፤ ልጆቹ በእንዝርት መፍተል እንዲማሩበት። እኔ በሚገባ ሳላሳጥበው ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት፤ ብል ገባበትና አጠገቡ ወደ ነበረው የሱፍ ሹራብ ተሻገረ። ጨርቅ የሚበላው የሚበርረው ብል ሳይሆን ትሉ ነው፤ እርሱም ሱፍንና ጠጉርን እንጂ ንጹሕ ጥጥን ብዙም ስለማይነካ የጥልፍ ሸማዎቻችን ተርፈዋል። ሁሉንም አውጥተን አራገፍን፣ ጠጉሩን አጠብነው፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ዋለ። ያን ጊዜ በጥቅምት የገዛኋቸው አምስት ሣጥኖች ትዝ አሉን፤ ክዳናቸው ጥብቅ ነውና ሱፉ ሁሉ እዚያ ገባ። ጥበቃው አባት ይህን አይተው፣ «የእኔ ልጅ፣ ምነው መጀመሪያውኑ እዚህ ብትከቺው?» አሉኝ።

ከተመደበልን ብር 1,450ው ሥራ ላይ ውሎ 50 ብር ቀርቷል። እስካሁን ካነሣኋቸው ሌላ ያለው ወጪ ለክር 430፣ ለመርፌ 90፣ ለመኪና ዘይት 60፣ ለማጣበቂያና ለማርከር 80፣ ለናፍታሊን 50 ብር ነው። ናፍታሊኑን ለክረምቱ በሱፍ ሣጥኖቹ ውስጥ በጨርቅ ቋጥሬ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፤ ለልጅ እጅ አይሰጥም፤ በመስከረም ሣጥኖቹ የሚከፈቱትም ደጅ ወጥተው ነው። የሁለተኛው መኪና ቀበቶ ላልቷልና 50 ብሩ ለእርሱ ይሁን ብለናል። ከጓጉንቸሩ ሁለት ቁልፎች አንዱ በዕቃ ክፍል ኃላፊው፣ ሁለተኛው በእኔ እጅ ይገኛል።