ይድረስ ለአባባ፦ ስለተበጠሰው ገመድ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣
ጎንደር

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም። በእውነት ደህና ነኝ። እህቴ ከነገረችዎ ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ የራሷ ጭማሪ ነው። ስለዚህ ከእኔው ይስሙት ብዬ ጻፍኩ። በስልክ እንዳላወራዎ ደግሞ ገና "ገመድ" ስል ያቋርጡኛል። አውቅዎታለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ጀልባ ከደቅ ደሴት ተመልሰን ባሕር ዳር ስንገባ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ጣና ጠዋት ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፣ ዝም ይላል። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሳል። ሐይቁ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲነካው እንደ ባሕር ረጅም አይተነፍስም፤ ይነጫነጫል። ማዕበሉ አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ነው፣ ጀልባውን ጎን ጎኑን ይለዋል።

ወደቡ ስንጠጋ የፊቱን ገመድ ወረወርኩ። መሬት ላይ ያለው ልጅ ብረት ጉቶው ላይ አጠለቀው። ጀልባው ግን ገና አልቆመም። ካፒቴኑ ሞተሩን ወደ ኋላ ሰጠው፣ በዚያው ቅጽበት ማዕበል ከጎን ገፋን። ገመዱ ተወጠረ። ቀጠነ። ናይለን እንዴት እንደሚቀጥን እርስዎ፣ የድሮው መርከበኛ፣ ያውቃሉ። ውስጡ የነበረው ውሃ ተጨምቆ እንደ ጭስ ብን ብሎ ወጣ።

በዚያች ሰዓት የእርስዎ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ ብል ውሸት ይሆናል። ምንም አልመጣልኝም። እግሬ ግን ያውቅ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄጄ ከካቢኑ ግድግዳ ኋላ ገባሁ። ጧ! አለ። ጫፉ እኔ የነበርኩበትን ቦታ አቋርጦ የባዶ ጠርሙስ ሳጥን ላይ አረፈ። ከደቅ የምንመልሰው የቢራ ጠርሙስ ነበር። ስድስቱን አንገት አንገታቸውን ቆረጣቸው። ቆጠርኳቸው፤ ሌላ የምሠራው ነገር ጠፍቶኝ ነው መሰለኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ጣትዎ አሰብኩ። እማማ ነፍሷን ይማርና "መርከብ በላው" ትል ነበር። እርስዎ ደግሞ "በር ቆረጠው" ይሉን ነበር። የምን በር እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቀንዎ አናውቅም። ሳሎን ተቀምጠው "ከተወጠረ ገመድ ፊት አትቁም፣ ከተጠቀለለ ገመድ መሃል እግርህን አታስገባ" ሲሉኝ የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጎንደር ላይ፣ ባሕር በሌለበት አገር! ያኔ ይሄ ሽማግሌ ምን ሆነ እል ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ገመዱ ካነሳሁ አይቀር፣ አርጅቶ ነበር። እዚህ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ገመድ ይበላል። በእጅ ሲነኩት እንደ ደረቀ ሣር ይኮሰኩሳል፣ ክሩ ይረግፋል። ሁለት ጊዜ ተናግሬ ነበር። "ይሄን ዓመትማ ይሠራል" ተባልኩ። ከተበጠሰ በማግስቱ አዲስ ገመድ መጣ። ገንዘቡ በአንድ ሌሊት ከየት ተገኘ ብለው አይጠይቁኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልበልዎ፣ አይቆጡ። ይህን ሥራ ስይዝ "ገንዳ ላይ ነው የምትሠራው" ብለውኝ ነበር። "ውሃ ላይ ያለ ወያላ" ብለው የሳቁትንም እህቴ ነግራኛለች። እውነትዎን ነው፣ ተሳፋሪው "ረዳት!" እያለ ነው የሚጠራኝ። እርስዎ ከአሰብ ተነስተው አውሮፓ የደረሱ ሰው ነዎት። እኔ ከባሕር ዳር ተነስቼ ጎርጎራ ነው የምደርሰው። ቢሆንም ገንዳውን ትንሽ ላስተዋውቅዎ።

መርከብ ተጭኖ እስከየት መስመጥ እንደሚችል ለማሳየት ጎኑ ላይ የሚቀባውን የጭነት መስመር በእስክሪብቶ ስለው ያሳዩኝ እንደነበር ትዝ ይልዎታል? ከመስመሮቹ አንዷ ኤፍ የምትል ፊደል አለባት፣ ጨው ለሌለው ውሃ ናት ብለውኝ ነበር። አንድ ሜትር ኪዩብ የባሕር ውሃ 1,025 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የጣናው 1,000 ነው። እንግዲህ እኛ ሁልጊዜ የምንሠራው የሚሸከመን ቀለል ባለ ውሃ ላይ ነው። ያው ጭነት እናንተን ካሰመጠው የበለጠ እኛን ያሰምጠናል። ቆርቆሮና ማዳበሪያ ስንጭን ዓይኔ ከውሃው ጠርዝ አይነሳም።

ባሕር ላይ ውሃው በሰዓታት ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል ገመድ ማላላትና ማጥበቅ እንቅልፍ ይነሳ ነበር ብለውኛል። የኛ ሐይቅ ይህን በወራት ነው የሚሠራው። መስከረም ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። መስከረም ላይ ቀጥ ብሎ የተኛው መወጣጫ ሳንቃ ሰኔ ላይ ዳገት ይሆናል። እናቶችን በክንዳቸው ይዤ፣ ዶሮውንም ተቀብዬ አወጣለሁ። ደግሞ ወደቡ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ወደ አንድ ጎን ይነሳል፣ ጀልባው ያጋድላል። "ጋሼ ይቀመጡ፣ እናቴ ይቀመጡ፣ ወደቡ አይሸሽም!" እያልኩ ጉሮሮዬ ይሰነጠቃል።

እርስዎ ያላዩት ነገር ቢኖር እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው ጣና ላይ የታየው። በደምቢያና በፎገራ በኩል በርትቷል። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ሲያዩት ያምራል። ሥሩ ግን እንደ ፀጉር ነው። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበት ወንፊት ላይ ይለጠፍና ሞተሩ ይግላል። የሞተሩ ድምፅ ሲቀየር ሳይነግሩኝ ልብሴን ማውለቅ እጀምራለሁ። ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው መዘውር ላይ የተጠመጠመውን በቢላ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ውሃው ቡናማ ነው፣ ከክርን በታች እጄ አይታየኝም፣ በዳበሳ ነው። ከመግባቴ በፊት የሞተሩን ቁልፍ ነቅዬ አንገቴ ላይ አስራለሁ። ካፒቴኑን ስለማላምን አይደለም። እርስዎ "ቁልፉ ውሃ ውስጥ ካለው ሰው ጋር ይግባ" ስላሉኝ ነው።

ሲመሽ ደግሞ ከጀልባው ፊት ቁጭ ብዬ አያለሁ። የደንገል ታንኳ መብራት የለውም። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ዝቅ ይላል፣ ቀዛፊው ውሃው ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። መቶ ሜትር ላይ ካላየሁት አለቀ። እርስዎ በራዳር መርከብ ላይ እንኳ "ዓይን ነው" ይሉ ነበር። እዚህ ከዓይን ሌላ ምንም የለም።

አሰብ ለኛ በ1990 ዓ.ም. ሲዘጋ ለሳምንት ያህል ከሰው እንዳልተነጋገሩ አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ውሃ አጠገብ ሄደው አያውቁም፤ ቅጽበትም ቢሆን። መንገዱ ሰላም ሲሆን እህቴ ቆላ ድባ አድርጋ ጎርጎራ ታውርድዎ። እኔ እዚያ እጠብቃለሁ። ጀልባው ላይ አይውጡ፣ ደረጃው ለጉልበትዎ አይሆንም። ጥላ ሥር ወንበር አደርግልዎታለሁ፣ ስናስር ይዩን። ስህተት ካዩ ይሳደቡ፣ ካፒቴኑም ቢሰማ ግድ የለም።

የተበጠሰውን ገመድ ሁለት ሜትር ያህል ቆርጬ ልኬልዎታለሁ። የጎንደር አውቶቡስ ረዳት ነው የሚያመጣው፤ ረዳት ለረዳት አይጨካከንም። ለሥራ አይሆንም፣ ለመማሪያ ግን ይበቃል። ጫፉ ላይ ቀለበት አውጥቶ ግምዱን ከራሱ ጋር መልሶ መጎንጎን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። እርስዎ ሲሠሩ አጠገብዎ ተቀምጬ ነበር፣ ግን ልቤ ውጭ ኳስ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ይገባኛል፣ ሁለተኛው ላይ ሦስቱ ግምድ ይምታቱብኛል። እጅዎ ባልተንቀጠቀጠበት ጠዋት፣ ከቡና በኋላ፣ ቀስ ብለው ይሥሩልኝ። የመጨረሻውን ግምድ ግን አይዝጉት። የት እንደሚገባ ማየት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር