ለእማዬ፣ ፍልሰታ ሳይገባ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስለተገኘ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ፊደሉን ያተለቅሁት አንቺ ራስሽ እንድታነቢው ብዬ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተሰጠሽ የምስክር ወረቀት ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ አይደል? እባክሽ ለጎረቤት አታስነብቢው። ቀን ቀን፣ ብርሃን ሲኖር፣ በረንዳው ላይ ሆነሽ ዓይንሽን እያሳረፍሽ አንብቢው።

እናንተ ጋ ዝናቡ ሲጀምር እዚህ ሜሪላንድ ሙቀቱ ነው። ፀሐይ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል አትጠልቅም። ትምህርት ቤት ሰኔ ላይ ተዘጋ፤ የሚከፈተው ነሐሴ መጨረሻ ነው፣ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ። ልጆቹ ስልክ ላይ ተጥደው እንዳይከርሙ ብዬ ዘንድሮ ሁላችንም እቅዳችንን ወረቀት ላይ ጽፈን ፍሪጁ ላይ ለጠፍን። ሚሚ አስር መጽሐፍ ላነብ ብላለች። ሰፈራችን ያለው ቤተ መጻሕፍት በእረፍቱ ለሚያነቡ ልጆች ሽልማት ይሰጣል፣ እሱን አይታ ነው። ባለቤቴ ከሥራ መልስ በእግሩ ሊሄድ ነው። ማሙሽ ደግሞ ዋና ሊለምድና የጫማውን ክር ራሱ ሊያስር ነው። የማሙሽ እቅድ ደስ አለኝ። "ጎበዝ ልጅ እሆናለሁ" ብሎ ቢጽፍ መድረሱን በምን ያውቃል? የጫማ ክር ግን ወይ ታስሯል ወይ አልታሰረም።

ስፌትም ጀምረናል። ስንደዶና አክርማ ከየት ይምጣ? ከእጅ ሥራ ዕቃ መሸጫ የጥጥ ገመድና ራፊያ ገዛሁ። ራፊያ ከዘንባባ ዓይነት ዛፍ ቅጠል የሚወጣ ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ስንደዶው ይለሰልሳል። ገመዱ ውስጥ ይሆናል፣ ራፊያው ይጠቀለልበታል፣ በወስፌ ፋንታ ትልቅ የሱፍ መርፌ ይዘናል። ጣጣው ያው መነሻው ላይ ነው። መነሻው ከላላ ዙሩ ሁሉ ይላላል። የሚሚ ላላ። "ፍቺው" ልላት ብዬ አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። አንቺ ስንቱን አስፈትተሽኛል እማዬ! ሚሚ እንደላላ ቀጠለችና ጎበጥ ያለች ትንሽ ሰፌድ ወጣቻት። የቤት ቁልፍ እናስቀምጥባታለን።

ከተረፈው ገመድ ደግሞ ለማሙሽ የቡሄ ጅራፍ ገምደንለታል። ጥጥ ስለሆነ እንደ ቃጫው አይጮህም፤ እሱ ግን ከአሁኑ ግቢውን ያስጨንቀዋል። ለእንቁጣጣሽ የአበባ ሥዕል እየሣሉ ለጎረቤት ሊያዞሩ አስበዋል። አደይ አበባ እዚህ የለም። ግን ቢጫ ሆና መሃሏ ጥቁር የሆነች አበባ በየመንገዱ ዳር ትፈካለች፤ የሜሪላንድ ግዛት መለያ አበባ እሷ ናት። እሷን እያዩ ይሥላሉ።

ስለ ልጆቹ ብዙ ጻፍኩልሽ። የምጽፈው ሌላ ነገር ስለነበረ ነው።

ማሙሽ "እማዬ፣ ያንቺ እቅድስ?" አለኝ። "መኝታ ቤቱን ቀለም መቀባት" ብዬ ለጠፍኩለት። የልቤን ፍሪጅ ላይ መለጠፍ አልቻልኩም። የልቤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ ነው።

ሰባተኛ ክፍልን የጨረስኩበትን ክረምት ታስታውሻለሽ። ሙዳይ ጀምሬ ነበር፤ ክዳኑ ብቻ ነበር የቀረኝ። "ለክረምቱ ብቻ ነው፣ ስትመለሺ ትጨርሺዋለሽ" ብለሽ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ላክሽኝ። ጎህ ሳይቀድ ከደብረ ማርቆስ ተነሣን። አባይ በረሃን ስንወርድ ስንቄን ታቅፌ "ለመስከረም እመለሳለሁ" እያልኩ ነበር። ጳጉሜ መጣ። ጓደኞቼ እንግጫ ነቀላ ሲወጡ፣ ሲጎነጉኑት፣ ሲዘፍኑ እየታየኝ የሚወስደኝን ሰው ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። አክስቴ ዩኒፎርም ልታሰፋልኝ ልኬን ስታስለካኝ ነው የገባኝ። እሷ ምንም አላለችኝም። አንቺም ምንም አላልሽኝም። በላክሽው ደብዳቤ ላይ "ትምህርትሽን በርቺ" ይላል እንጂ ስለ መመለስ አንድ ቃል የለበትም። እስከ ገና ድረስ ሻንጣዬን አልፈታሁም። ልብሴን ከሻንጣ እያወጣሁ እለብስ ነበር።

ለእኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። ያን ዓመት ቤታችን እንዴት እንደነበረ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አልደግመውም። የተማርኩት፣ እዚህ የደረስኩት በዚያ ነው። አመሰግንሻለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ብትነግሪኝ ኖሮ አልቅሼ እሄድልሽ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም? ሰው "እስከዚህ ቀን" ሲለኝ ዛሬም ሆዴ አያምንም። ሙዳይዋስ የት ደረሰች? ይህን ሁሉ ዓመት ልጠይቅሽ እያልኩ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ዓይንሽ "ከክረምቱ በኋላ" ትይኛለሽ። አምናም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር። ከክረምቱ በኋላ ያልሽው ከመስቀል በኋላ ሆነ፣ ከዚያ ከጥምቀት በኋላ፣ ከዚያ ከፋሲካ በኋላ። ባለፈው በቪዲዮ ስንደውል ሚሚ ሰፌዷን አሳየችሽ። "ውይ፣ ሲያምር!" አልሻት። እማዬ፣ ያኔ ስልኩ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ሚሚ ደስ ብሏት ሄደች። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም።

ፈራሁ። የዛሬ ዓመት ልጆቹን ይዤ ስመጣ በድምፃችን ብቻ እንድትለዪን አልፈልግም። ወድቀሽ፣ ምድጃ ላይ ተደናቅፈሽ የሚል ስልክ እንዳይመጣብኝ ማታ ማታ እጸልያለሁ።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው ብሎሻል። የዓይን ሌንስ ሲደፈርስ ነው ሞራ የሚባለው። ጠብታም መነጽርም አያጠራውም። የደፈረሰውን አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተኩበታል። ብዙውን ጊዜ የሚያደነዝዙት ዓይኑን ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። "ክረምት ላይ ቁስል አይድንም" ያለችሽን ጎረቤት አትስሚያት፤ ሐኪሙን ራሱን ጠይቂው። የግፊትና የስኳር መድኃኒትሽን ደግሞ እስከዚያ እንዳታቋርጪ። ከፍ ብሎ ከተገኘ ቀኑን ሊያራዝሙብሽ ይችላሉ።

ልመናዬ ይህ ነው። ፍልሰታ ሳይገባ፣ እዚያው ሐምሌ ውስጥ፣ አንዱን ዓይን ተሠሪልኝ። ሁለተኛው ከበዓሉ በኋላ ይሁን። ገንዘቡን ለወንድሜ ልኬለታለሁ፣ የሚያመላልስሽም እሱ ነው። አትቆጪው፤ እኔ ነኝ የጨቀጨቅሁት። ከተሠራሽ በኋላ ዓይንሽን አትሺው፣ ውሃ አይግባበት፣ ከባድ ዕቃ አታንሺ። እንጀራ የሚጋግርልሽ ሰው ይኑር፤ ጭስና አቧራ እንዳይነካሽ። ብርድ ነው ብለሽ ደግሞ በር ዘግተሽ ከሰል አታንድጂ። እሱ ከዓይንም በላይ ነው፤ ሰው ይገድላል።

መልሱን በድምፅ ላኪልኝ። "እናያለን" አትበይኝ። እሺ ካልሽ ቀኑን ቁረጪና ንገሪኝ፤ ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ። እምቢ ካልሽም ምክንያቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም። ያኛውን ጥያቄ ግን ስትችዪ፣ ደስ ባለሽ ጊዜ መልሺልኝ።

ልጅሽ