ፎርማት ማድረግ የመጨረሻው ትምህርት ይሁን

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፦

የኮምፒውተር ጥገና ሥልጠና ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዊንዶውስ አጫጫን ነው። ሠልጣኙ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍላሽ ላይ መጫኛ ያዘጋጃል፣ ማሽኑን ከፍላሹ ያስነሳል፣ ሲ ድራይቭን አጥፍቶ አዲስ ይጭናል። ቀላል ነው፣ ውጤቱም ወዲያው ስለሚታይ እጁ እዚያው ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ማሽን ሲንቀራፈፍ ፎርማት፣ ኢንተርኔት እምቢ ሲል ፎርማት፣ ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ ፎርማት ይሆናል። ይህን የምጽፈው የትምህርቱ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ ለመጠየቅ ነው። ሠልጣኙ መጀመሪያ ሲስተሙን ማንበብ፣ ቀጥሎ መጠገን ይማር፤ አጫጫን በመጨረሻ ይድረሰው።

ዊንዶውስ የገጠመውን ችግር ራሱ እየመዘገበ ያስቀምጣል። መዝገቡ የሚገኘው ኢቨንት ቪወር ውስጥ ነው፤ ‹ዊንዶውስ ሎግስ› ሥር ‹ሲስተም› የሚለውን መክፈት ይበቃል። በድንገት እየጠፋ የሚነሳ ማሽን እንውሰድ። እዚያ ውስጥ ምንጩ ‹ከርነል ፓወር› የሆነ ቁጥር 41 ይገኛል። ይህ ቁጥር የሚናገረው ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መነሳቱን ብቻ ነው፤ ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ቆሞ ፓወር ሰፕላይ ያስቀይራል። መዝገቡን ከፍቶ ‹ዲቴይልስ› የሚለው ገጽ ላይ ‹በግቼክ ኮድ› የሚለውን መስመር መፈለግ ያስፈልጋል። ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ ስህተቱን ለመመዝገብ እንኳ ፋታ አላገኘም ማለት ነው፤ ያኔ የመብራት መቆራረጥ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ሙቀት ወይም የማሽኑ ድርቅ ብሎ መቅረት ይጠረጠራል። ሌላ ቁጥር ካለበት ሰማያዊ ስክሪን ነበረ። ሠልጣኞች የሚሳሳቱበት ነጥብ ደግሞ ይህ ነው፦ ቁጥሩ የተጻፈው በተለመደው አሥር ቤት ሲሆን የስህተት ኮዶቹ የሚታወቁት በአሥራ ስድስት ቤት ነው። 159 ብሎ ካገኘው ካልኩሌተሩን ‹ፕሮግራመር› ላይ አድርጎ ሲቀይረው 9ኤፍ ይሆናል። 9ኤፍ ማለት ማሽኑ ሲተኛ ወይም ሲነቃ አንድ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ የማሽኑ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) የኃይል ለውጡን በወጉ አላስተናገደም ማለት ነው። መፍትሔው የዚያን ድራይቨር ቨርዥን መቀየር ነው። ፎርማት ቢያደርገው ያው ድራይቨር ተመልሶ ይጫናል፣ ማሽኑም ተመልሶ ይመጣል።

በዚያው መዝገብ ውስጥ ምንጩ ‹ዲስክ› የሆነ ቁጥር 7 ከታየ ዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ ተገኝቷል። ቁጥር 153 ከተደጋገመ ንባቡ ወይም ጽሕፈቱ በአንድ ጊዜ አልሳካ ብሎ እየተደገመ ነው። እነዚህን ያየ ባለሙያ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት ወደሚመዘግበው ስማርት መረጃ ይሂድና በሃርድ ዲስክ ላይ ሦስት መስመሮችን ይመልከት፦ 5፣ 197 እና 198። የመጀመሪያው ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች)፣ ሁለተኛው ማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ሦስተኛው ጨርሶ ያልተነበቡትን ይቆጥራል። ቁጥራቸው እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየሞተ ነው፤ ሌላ ሥራ ሁሉ ይቁምና ፋይል ይገልበጥ። ዲስክ የሚፈትሸውን ቼክዲስክን በ‹አር› ማዘዝ እንደ መድኃኒት ሲታዘዝ የሚታየው በተለይ እዚህ ላይ ነው። ይህ ትእዛዝ እያንዳንዱን ሴክተር ለማንበብ ዲስኩን ለሰዓታት ያሠራዋል። ጤነኛ ዲስክ ይችለዋል፤ የደከመውን ግን ፋይሉ ሳይወጣ ሊጨርሰው ይችላል። በ‹ኤፍ› ብቻ የታዘዘ ቼክዲስክ የፋይል ሥርዓቱን አደረጃጀት ያስተካክላል፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ እሱም ቢሆን የሚሄደው ግልባጭ ከተወሰደ በኋላ ነው።

ስለ ግልባጭ ከተነሳ፣ ‹ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስን ገልብጫለሁ› ማለት አይበቃም። በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ‹አፕዳታ› የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ፤ የብሮውዘር ዕልባቶችና የብዙ ፕሮግራሞች ሴቲንግ ያሉት እዚያ ነው። በማሽኑ ላይ ሌሎች አካውንቶች ካሉ የእያንዳንዳቸው ፎልደር ለየብቻ ይታያል። ዋንድራይቭ ላይ ደግሞ የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ስሙ እንጂ ይዘቱ ዲስኩ ላይ የለም፤ ኢንተርኔት በሌለበት ሊገለበጥ አይችልም። ከተገለበጠ በኋላ የፋይሎቹ ብዛትና መጠን ከምንጩ ጋር ይነጻጸር፣ አንድ ሁለቱም በሌላ ማሽን ተከፍተው ይታዩ።

ሥልጠናው በአስቸኳይ ሊጨምረው የሚገባው ቢትሎከርን፣ ማለትም የዊንዶውስን የዲስክ ምስጠራ ነው። በአሁኖቹ ዊንዶውስ 11 ማሽኖች ላይ ባለቤቱ መጀመሪያ ሲያዋቅር በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባ ዲስኩ ሳይጠየቅ ሊመሰጠር ይችላል፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ይህን አያውቅም። ቴክኒሻኑ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማዋቀሪያ) ውስጥ ሴኪዩር ቡትን (ያልታመነ ማስነሻ የሚከለክለውን) ሲያጠፋ፣ ቲፒኤሙን (የምስጠራ ቁልፍ የሚጠብቀውን ክፍል) ሲያጸዳ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀይር በሚቀጥለው መነሳት ላይ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ የለም፤ ማይክሮሶፍትም ቢሆን የጠፋ ቁልፍ መልሶ ሊሰጥ አይችልም። ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ማሽን ላይ መሰካትም ምንም አይለውጥም። ስለዚህ ወደ ባዮስ ከመግባት በፊት ኮማንድ ፕሮምፕት በአድሚኒስትሬተር ተከፍቶ ‹ማኔጅ ቢዲኢ› በ‹ስታተስ› ይታዘዝ። ምስጠራው ከበራ ባለቤቱ ቁልፉን ከአካውንቱ አውጥቶ ከዚያ ማሽን ውጭ እንዲያስቀምጥ ይደረግ፣ ጥበቃውም ለጊዜው ‹ሰስፔንድ› ይደረግ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ አለማወቁ ግን የሰውን የዓመታት ፎቶና ሰነድ ያስከፍላል።

ሌላው ሰው የሚደነግጥበት ችግር ባዶ ዴስክቶፕ ነው። ተጠቃሚው ይገባል፣ ፋይሎቹ የሉም፣ የጀርባ ሥዕሉ ተቀይሯል፣ ጥግ ላይ በጊዜያዊ ፕሮፋይል ገብተሃል የሚል መልእክት ይወጣል። ፋይሎቹ ሲ ድራይቭ ላይ ‹ዩዘርስ› ውስጥ በስሙ ባለው ፎልደር እንዳሉ ናቸው። አደጋው ሌላ ነው፤ በጊዜያዊው ፕሮፋይል ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠው አዲስ ሥራ ሲወጣ ይጠፋል። በመጀመሪያ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ይሞከር፣ አንዳንዴ አንቲቫይረስ የፕሮፋይሉን ፋይል ይዞት ብቻ ይሆናልና። ካልሆነ በሌላ አድሚኒስትሬተር አካውንት ተገብቶ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንግ ማኅደር) ውስጥ ‹ፕሮፋይል ሊስት› የሚባለው ቦታ ይከፈታል። እዚያ አንድ ዓይነት ረጅም ቁጥር ያላቸው ሁለት ቁልፎች (ፎልደር መሰል ክፍሎች) ይገኛሉ፤ የአንዱ መጨረሻ ላይ ‹ባክ› የሚል ቅጥያ አለ። ትክክለኛው ባለ ቅጥያው ነው፤ ‹ፕሮፋይል ኢሜጅ ፓዝ› የሚለው መስመሩ የባለቤቱን ፎልደር መጥራቱ ይረጋገጥ። ቅጥያ የሌለውን በሌላ ስም ለውጦ የባለ ቅጥያውን ቅጥያ ማንሳት ነው ጥገናው። ሬጂስትሪ ከመነካቱ በፊት ግን ያ ቁልፍ ‹ኤክስፖርት› ተደርጎ ይቀመጥ። ‹ሌላ አድሚኒስትሬተር አካውንት› ያልኩትም በየማሽኑ ላይ አስቀድሞ ሊዘጋጅ የሚገባው ነው። የዕለት ሥራ በስታንዳርድ አካውንት፣ አስተዳደር በተለየ አካውንት፦ ይህ ልማድ ብዙ ቫይረስ መላውን ሲስተም እንዳይይዝ ያግዳል፣ አንዱ ፕሮፋይል ሲበላሽም መግቢያ በር ይተዋል።

ከፈቃድ አሰጣጥም ጋር የተያያዘ ክፉ ልማድ አለ። ፎልደር አልከፈት ሲል ‹ኤቭሪዋን› ጨምሮ ‹ፉል ኮንትሮል› መስጠት ችግሩን ያስረሳል እንጂ አይፈታም። ሠልጣኙ ሁለት ነገር ከያዘ አብዛኛው ግራ መጋባት ይጠራለታል። በኔትወርክ በኩል ለሚገባ ሰው የሼር ፈቃዱና የኤንቲኤፍኤስ ፈቃዱ (ዲስኩ ላይ በፎልደሩ የተቀመጠው) አብረው ይታዩና ጠበቅ ያለው ይሠራል። ፋይል በአንድ ድራይቭ ውስጥ ሲዛወር የነበረውን ፈቃድ ይዞ ይሄዳል፤ ሲገለበጥ ግን የሚያርፍበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። ‹አዛውሬለት ሊከፍተው አልቻለም› የሚባለው አቤቱታ ከዚህ ይመጣል።

‹አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ያው ነው› ለሚል ሰውም መልስ አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ‹ፋስት ስታርትአፕ› የሚባል ነገር አለ፤ ‹ሸት ዳውን› ሲባል የሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ አስተኝቶ በማግሥቱ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ የተበላሸው ነገር አብሮ ተኝቶ አብሮ ይነሳል። ታስክ ማኔጀር ውስጥ ‹ፐርፎርማንስ› ላይ ሲፒዩ ሲከፈት ‹አፕ ታይም› የሚል ቁጥር አለ፤ በየማታው የሚጠፋ ማሽን ላይ 20 ቀን ሊያሳይ ይችላል። ‹ሪስታርት› ግን ሁሉንም ከመጀመሪያ ያስነሳል፤ ‹ሺፍት› ተጭኖ ‹ሸት ዳውን› ማለትም እንደዚያው ያደርጋል።

የሰዓት ነገርም ቀላል አይደለም። በዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሲአር2032 ናት፤ ቁጥሯ ራሱ 20 ሚሊሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው፣ የምትሰጠውም 3 ቮልት ነው። ስትደክም ማሽኑ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። የድረ ገጾች ሰርተፊኬት ቀን ከማሽኑ ቀን ጋር ስለማይገጥም ብሮውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል፣ አፕዴትም ይወድቃል። ቫይረስ ነው ተብሎ ፎርማት የሚደረገው ማሽን የሚያስፈልገው ባትሪ መቀየርና ቀን ማስተካከል ነው። ኢንተርኔት እምቢ ባለ ጊዜ ቀኑን ማየት ከሁሉ ይቅደም። ቀጥሎ የአይፒ አድራሻው ይታይ፤ በ169.254 ከጀመረ ማሽኑ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም። ፒንግ (ሌላ ማሽን ይመልስ እንደሆነ የሚፈትሽ ትእዛዝ) በቁጥር እየመለሰ በስም የማይመልስ ከሆነ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ላይ ነው።

የሲስተም ፋይል ሲበላሽ ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ‹ኤስኤፍሲ ስካንናው› የሚባለው ትእዛዝ የተበላሸውን የሚተካው ዊንዶውስ ራሱ ካስቀመጠው መጠባበቂያ ነው፤ መጠባበቂያው ራሱ ከተበላሸ መጠገን አልቻልኩም ይላል። መጠባበቂያውን የሚያድሰው ‹ዲስም› የሚባለው ትእዛዝ በ‹ሪስቶር ኸልዝ› ነው፣ ኢንተርኔት ወይም ተመሳሳይ ቨርዥን ያለው መጫኛ ይፈልጋል። ስለዚህ ዲስም ይቅደም፣ ኤስኤፍሲ ይከተል። ዲስም አንድ ቁጥር ላይ ለረጅም ደቂቃ ቢቆም ደርቋል ተብሎ አይዘጋ። ‹ኤምኤስ ኮንፊግ› (የዊንዶውስ አነሳስ ማስተካከያ) ውስጥ የፕሮሰሰር ብዛት ላይ ምልክት አድርጎ ማሽን ማፍጠን የሚባለው ምክር ደግሞ ፍጹም ስህተት ነው። ያ ሳጥን መገደቢያ ነው፤ ምልክት ባይደረግበት ዊንዶውስ ሁሉንም ይጠቀማል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ ‹ማሽንህ 11 አይቀበልም፣ ሌላ ግዛ› የሚል ምክር በርክቷል። ይህ ከመባሉ በፊት ባዮስ ይታይ። ቲፒኤም 2.0 በኢንቴል ማሽኖች ‹ፒቲቲ›፣ በኤኤምዲ ‹ኤፍቲፒኤም› ተብሎ ጠፍቶ ይቀመጣል፤ ማብራት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ዲስኩ በአሮጌው የአከፋፈል ዘዴ በኤምቢአር የተከፈለ ከሆነም ‹ኤምቢአር2ጂፒቲ› የሚባለው ትእዛዝ ፋይል ሳያጠፋ ወደ አዲሱ ጂፒቲ ይቀይረዋል፤ በ‹ቫሊዴት› ተፈትሾ ሲያልፍ ብቻ በ‹ኮንቨርት› ይታዘዛል፣ ከዚያ ባዮሱ ወደ አዲሱ የአነሳስ ዘዴ ወደ ዩኢኤፍአይ ይዞራል። ፕሮሰሰሩ በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ግን ለባለቤቱ እውነቱ ይነገረው።

ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ መጫንን በተመለከተ በአጭሩ፦ አንቲቫይረሱን አጥፋ ብሎ የሚጀምር ማስከፈቻ በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን የሚሮጥ ያልታወቀ ፕሮግራም ነው። ምን እንዳደረገ ማንም አያረጋግጥም፤ በዚያ ማሽን ላይ የሰው የባንክ ፓስዎርድ ይጻፋል።

ለማሠልጠኛዎች የማቀርበው ሐሳብ የመመዘኛ ፈተናውን ይመለከታል። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ሆን ተብሎ አራት ችግር የተደረገበት ማሽን ይሰጠው፦ ቀኑ የተዛባ፣ አንዱ ፕሮፋይል ጊዜያዊ የሚሆን፣ የአንድ ፎልደር ፈቃድ የተበላሸ፣ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር የጎደለ። የመጨረሻውን ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ኮድ 28 ይነግረዋል። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሠልጣኙ በወረቀት ላይ ምን እንዳየ፣ የት እንዳየ፣ ምን እንደለወጠ፣ ከመለወጡ በፊት ምን እንደነበረ ይጻፍ፤ ግማሹ ነጥብ ለዚህ ወረቀት ይሰጥ። የመጫኛ ፍላሹ ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ በአሠልጣኙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና አሠልጣኝ