ከፍሪጁ በር ጀምሪ

ሚሚዬ፣

ትናንት ማታ ስትደውይ ድምፅሽ ደክሞ ነበር። «እማ፣ ሰኞ ጀነቲክ ኢንጂነሪንግ ልጀምር ነው፣ ላብራቶሪ የለም፣ ማይክሮስኮፑም አይሠራም፣ ምን ላሳያቸው?» አልሽኝ። ልመልስልሽ ስል መብራት ሄደ፣ ኔትወርኩም አብሮት ሄደ። እስካሁን አልመጣም፣ በሻማ ነው የምጽፍልሽ። ስልኬ ቻርጅ ቢኖረው በቴሌግራም በድምፅ እልክልሽ ነበር፣ ግን ስናገር ወሬ አበዛለሁ። ስጽፍም ያው ነኝ፣ ቻይኝ።

በነገራችን ላይ ፒያሳን አሁን ብታያት አታውቂያትም። ደብተርና እስክሪብቶ የምንገዛበት ሱቅ ፈርሷል። ከአራት ኪሎ ወደዚያ በእግሬ ስሄድ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ በዝቶ፣ እንደ እንግዳ ዞር ዞር እያልኩ ነው የማየው። ይሁን።

ወደ ጉዳያችን። መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ይህን ምዕራፍ ስንት ዓመት ያስተማርኩት በማስገልበጥ ነው። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ ይተፉታል። አንድ ቀን ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙም የማይናገር ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አያቴ የምትወጋው ኢንሱሊን ከአሳማ ነው የሚሠራው ይባላል። እውነት ነው? መርፌውን እምቢ ብላለች» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ መልሱን በደንብ አላውቀውም። አላውቅም ማለት አፈርኩና ምን አልኩት መሰለሽ? «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ወደ ትምህርታችን እንመለስ።»

ልጁ እስከ ሰኔ ድረስ ዳግመኛ እጁን አላወጣም። እኔን ያንገበገበኝ ደግሞ በኋላ ሳነብ ያገኘሁት ነው። የጠየቀው ጥያቄ ከምዕራፉ ውጪ አልነበረም። ራሱ ምዕራፉ ነበር!

ስለዚህ ከትርጉም አትጀምሪ። ከፍሪጁ በር ጀምሪ። ያቺን የአባትሽን ብልቃጥ ታስታውሻለሽ፣ ከሎሚው አጠገብ የምትቀመጠውን። መብራት ሲጠፋ ውሃ የተረጨ ሸክላ ውስጥ የምንከታትን። (አሁንም እዚያው ናት።) ክፍልሽ ውስጥ ቤቱ እንዲህ ዓይነት ብልቃጥ ያለው ልጅ አይጠፋም። ጠይቂያቸው፣ ግን እጅ አውጡ አትበይ፣ አንዳንዱ የቤቱን በሽታ አደባባይ ማውጣት አይፈልግም።

ከዚያ የልጁን ጥያቄ ራስሽ ጠይቂያቸው። ከአሳማ ነው ወይ? መልሱ «ነበር» ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ከተማ ከተገኘ በኋላ ስልሳ ዓመት ያህል የሚዘጋጀው ከቄራ ከሚሰበሰብ የከብትና የአሳማ ቆሽት ነበር። ኢንሱሊን በ51 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች በያቸው) የተሠራ ነው። የአሳማው ከሰው የሚለየው በአንዷ ብቻ፣ የከብቱ በሦስት። በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጄነንቴክ የሚባል ድርጅት ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው የሰውን ኢንሱሊን በባክቴሪያ አሠሩ። በ1982 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ገበያ ገባ። በዚህ ዘዴ ተሠርቶ ለሰው ሕክምና የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ማለት ነው። አያትየው ይህን ሰምተው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ አስተማሪ የሚስተው ነገር አለ፣ እኔም ስቼዋለሁ። «ዘረመሉን (የኢንሱሊን አሠራር የተጻፈበትን የዲ ኤን ኤ ቁራጭ) ከሰው ላይ ቆርጠው ወስደው» እንላለን። ያን ጊዜ ግን ከማንም አልወሰዱም። የ51ዱ አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ስለሚታወቅ ለእያንዳንዷ ሦስት ሦስት የዲ ኤን ኤ ፊደል እየመረጡ በኬሚካል ጻፉት። ሃምሳ አንድ በሦስት ስታባዢው 153 ፊደል ነው። በቃ! አንድ ገጽ አይሞላም። ሰሌዳው ላይ 153 ጭረት አስጭሪያቸው፣ አንዱ ልጅ ይቁጠር። ዓይናቸው ሲፈጥ ታያለሽ። ለምን ሦስት ሦስት እንደሚነበብ ለማስረዳት ደግሞ «በሶብላ»ን ጻፊላቸው። አንድ ላይ ሲነበብ ቅጠሉ፣ ከመሃል ሲከፈል «በሶ ብላ» የሚል ግብዣ። ፊደሉ ያው ነው፣ የት ጋ እንደምትከፍይው ነው ነገሩ። ዲ ኤን ኤም አንድ ፊደል ዘለሽ ማንበብ ከጀመርሽ ሁሉም ይበላሻል።

የተጻፈው ዘረመል ባክቴሪያ ውስጥ የሚገባው ፕላዝሚድ የምትባል ትንሽ የባክቴሪያ ዲ ኤን ኤ ቀለበት ተቆርጣ እሷ ላይ ተቀጥሎ ነው። ለመቁረጡ ወረቀትና መቀስ ይበቃሻል። ኢኮ አር ዋን የሚባለው ዲ ኤን ኤ ቆራጭ ኢንዛይም ጂ-ኤ-ኤ-ቲ-ቲ-ሲ የሚል የዲ ኤን ኤ ቃል ሲያገኝ ጂ እና ኤ መካከል ይቆርጣል። (መጨረሻውን ሲሰሙ «ቲቲሲ፣ የዓይን ቅባት!» ብለው መሳቃቸው አይቀርም፣ ተያቸው ይሳቁ።) ዲ ኤን ኤ ሁለት መስመር ነውና ትይዩው መስመር ላይም በተቃራኒ አቅጣጫ ያው ቃል ስላለ እዚያም ይቆርጣል፣ ግን ፊት ለፊት አይደለም፣ ተዛንፎ ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ ኤ-ኤ-ቲ-ቲ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቀይ ወረቀት (ዘረመሉ) እና ነጭ ወረቀት (ፕላዝሚዱ) ስጫቸው፣ ሁለቱንም በዚሁ ሕግ ይቁረጡ፣ ከዚያ የቀዩን ጫፍ ከነጩ ጫፍ ያጋጥሙት። ይገጥማል። የሚያያይዘውን ስቴፕለር ላይጌዝ በይው፣ የዲ ኤን ኤ ጫፎችን የሚያጣብቀው ኢንዛይም ስም ነው።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ። ላብ የለኝም ብለሽ አትዘኚ። አንድ ክረምት ለመምህራን በተሰጠ ሥልጠና ላይ ፕላዝሚድ ባክቴሪያ ውስጥ ማስገባቱን በእጄ ሠርቼዋለሁ። እንዴት ጓጉቼ እንደሄድኩ! የመጽሐፉ ሥዕል ላይ ቀለበት የመሰለ ፕላዝሚድ አለ፣ መቀስ አለ፣ ቀስት አለ። እኔም ያን የማይ መስሎኝ። ያየሁት ምንድነው? ውሃ። ባቄላ የምታህል የፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ የመሰለ ነገር ላይ ሌላ ውሃ የመሰለ ነገር ጠብ አደረግን። በረዶ ላይ አስቀመጥነው። 42 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነከርነው። መልሰን በረዶ ላይ። ከዚያ ሳህን ላይ ቀባነውና ወደ ቤታችሁ ሂዱ ተባልን። ተናድጄ ነው የወጣሁት፣ እውነቴን ነው። በማግስቱ ጠዋት ሳህኑን ስከፍት እንደ ጤፍ ፍሬ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ብሏል።

የገባኝ ያኔ ነው። ማንም ምንም አያይም። ባለሙያውም አያይም። ባክቴሪያዋን ይዞ ፕላዝሚዱን የሚያጎርሳት የለም። ብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያ ላይ ያፈሱባቸዋል፣ ቅዝቃዜውና ሙቀቱ ሲያደናግራቸው ጥቂቶቹ ይቀበሉታል፣ አብዛኞቹ አይቀበሉትም። ታዲያ የተቀበለችውን በምን ያውቋታል? እዚህ ላይ ዝም በያቸው፣ ያስቡ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ዝም በይ፣ ያስጨንቃል ግን ቻይው። እኔ ክፍል አንዷ ልጅ «እንደ በር ዘበኛው!» አለች፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ምሳሌ ፈልጌ አላውቅም። ፕላዝሚዱ ላይ አንቲባዮቲክ የሚያስችል ዘረመል አብሮ ተጽፏል። ሳህኑ ውስጥ አንቲባዮቲክ አለ። ባጅ የያዘች ትገባለች፣ ያልያዘች ትሞታለች። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር መንገዱን ሲከፍቱ የተጠቀሙበት ያንኑ ቴትራሳይክሊን ነው፣ የዓይን ቅባታችንን። ከተረፉት አንዷ በጥሩ ምግብና ሙቀት በየ20 ደቂቃው ለሁለት ትከፈላለች። ማታ አንድ የነበረችው በአሥር ሰዓት ውስጥ ከቢሊዮን ትበልጣለች። ስሌቱን በስልካቸው ያስሉት።

እንግዲህ ላብ ቢኖርሽም የምታሳያቸው ውሃ ነበር። ወረቀቱና ዘበኛው ይሻላሉ።

ግን በዓይናቸው አንድ ነገር እንዲያዩ ከፈለግሽ ሙዝ ግዢ። በደንብ የበሰለ። ፌስታል ውስጥ አድርገሽ ጨፍልቂው፣ ትንሽ ውሃ፣ ቁንጥር ጨው፣ አንድ ማንኪያ ላርጎ ጨምሪ፣ አረፋ እንዳያበዛ ቀስ ብለሽ አማስይ። ላርጎው የሴሉን ስብ ይፈታዋል፣ እንደ ቅባታም ድስት አስቢው። በንጹሕ ሻሽ አጥልይውና ብርጭቆውን አዘንብለሽ በጣም የቀዘቀዘ አልኮል በዳር በኩል ቀስ አድርገሽ አፍስሺበት። አልኮሉ በጠነከረ ቁጥር ይሻላል። ከፍሪዘር አሁን የወጣ ይሁን (ኢንሱሊን ግን ፍሪዘር አይገባም፣ ይህንንም ንገሪያቸው፣ ለአንዱ ቤት ይጠቅማል)። ጥቂት ደቂቃ ስትቆዪ ድንበሩ ላይ ነጭ ንፍጥ የመሰለ ክር ይንሳፈፋል። በስንጥር ጠቅልለሽ አውጪው። አንድ ዲ ኤን ኤ ነው እንዳትያቸው፣ የብዙ ሚሊዮን ሴል ተጠላልፎ፣ ሌላ ነገርም ተቀላቅሎበት ነው።

ጥያቄ ይመጣል። «የፈረንጅ ዶሮ ጂ ኤም ኦ (ዘረመሉ በላብራቶሪ የተቀየረ) ነው?» አይደለም፣ በማዳቀልና በመምረጥ የመጣ ነው። ቁንጮ ጤፍም ደብረ ዘይት ላይ ተዳቅሎ የወጣ ዝርያ ነው፣ ማንም ዘረመል አልከተተበትም። እኛ አገር መጀመሪያ ለእርሻ የተፈቀደው ቢቲ ጥጥ ነው፣ በ2010 ዓ.ም፤ ትል እንዲከላከል ከአፈር ባክቴሪያ ዘረመል የገባበት። ዘሩን ማን ይሸጠዋል፣ ገበሬው በየዓመቱ መግዛት አለበት ወይ የሚለው ክርክር እውነተኛ ክርክር ነው፣ በሳይንስ ስም አፋቸውን አትዝጊያቸው።

«የእግዜርን ሥራ መነካካት አይሆንም?» የሚልም አለ፣ ሁልጊዜ አለ። አትሳቂበት፣ አትስበኪውም። እኔ የማደርገው ጥያቄውን መከፋፈል ነው። ባክቴሪያ መድኃኒት እንድትሠራ ማድረግ አንድ ነገር ነው። ክሪስፐር በሚባለው ዲ ኤን ኤ ማረሚያ መሣሪያ የታማሚውን የገዛ የደም ሴል አርሞ መመለስ ሌላ ነው፣ ሲክል ሴል ለሚባለው በዘር ለሚተላለፍ የደም ሕመም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ ፈቅደውታል። ገና ያልተወለደ ሕፃን ዘረመል ቀይሮ ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ ማድረግ ደግሞ ሦስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ሠራሁ ያለው ቻይናዊ ተመራማሪ ታስሮ ነበር። የትኛው ነው የሚያስፈራችሁ በያቸው። ሦስቱንም በአንድ ቃል መጥራታችን ነው ግራ የሚያጋባቸው። የእኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሦስተኛው ያስፈራኛል። የመጀመሪያው ግን አባትሽን በሕይወት ያቆየልኝ ነው፣ ምን ልበልሽ።

አንድ ነገር ልርሳ ነበር። መጀመሪያ በአማርኛ አስረጂያቸው፣ ሲገባቸው እንግሊዝኛውን አምጪ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃላቱን ሊያውቋቸው ግድ ነው፣ ግን ያልገባውን ነገር በሰው ቋንቋ የሚሸመድድ ልጅ እኔ ብዙ አፍርቻለሁ።

መብራት መጣ! ብልቃጡን ከሸክላው ወደ ፍሪጁ ልመልስ። አባትሽ ሽሮው ቀረበ ብሎ እየተጣራ ነው፣ ገና አልተወጋም። ሰኞ ስትወጪ ደውይልኝ፣ የሙዙ ክር ወጣ አልወጣ መስማት እፈልጋለሁ። ከኋላ የሚቀመጡትንም እያቸው።

እናትሽ