ለነጭ ዓሣው መንገድ እንልቀቅለት፦ ከጣና ዳር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ክረምቱ ሳይጋመስ መረብ መቀየር አለብን። ገንዘብ የምንጠይቃችሁም ለዚሁ ነው። በየጀልባው ያለውን ሞኖፊላመንት የሚባል ባለ አንድ ወጥ የፕላስቲክ ክር መረብ ሰብስበን፣ በምትኩ ዓይኑ ሰፊ የሆነውንና የተፈቀደውን መረብ ልናድል፣ ነሐሴና መስከረም ደግሞ ጉማራ ወንዝ ጣና የሚገባበትን አፍ በፈረቃ ልንጠብቅ ተስማምተናል። የተስማማነው አስጋሪዎቹ ራሳችን ነን።

ለምን የወንዝ አፍ? ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። ተመራማሪዎች ጣና ላይ 17 ዝርያ ቆጥረዋል። አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ ውጪ የትም የሉም፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ለይቷቸዋል። ከመካከላቸው በርካቶቹ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ እንቁላል አይጥሉም። ክረምት ላይ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ አፍ ይሰበሰቡና ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠርና ጥርት ያለ ውኃ ነው።

ጉዱ ያለው እዚያች አፍ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተበታትኖ የከረመ ዓሣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠባብ ቦታ ላይ ይታጨቃል። መረብ የዘረጋ ሁሉ ያገኛል። አምልጦ ሽቅብ የወጣውን የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ይጠብቀዋል። ዱቄቱ ውኃው ላይ ሲበተን ትልቁም ትንሹም ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ የሚለቀመው ግን ትልቁ ብቻ ነው። ወቅቱ ፍልሰታም ስለሆነ ዓሣ ይፈለጋል። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወው፤ ገበያው መልሱን ከሰጠ ቆይቷል።)

ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና የገቡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ነው። በዚያው አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ጥናት አሳይቷል። ሞኖፊላመንት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክሩ ውኃ ውስጥ አይታይም፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይቀደዳል። የተቀደደው እዚያው ይጣላል፤ አይበሰብስም፤ ባለቤት ሳይኖረውም ዓሣ ማነቁን ይቀጥላል።

ሕግማ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ! ግን አዋጅ ወንዝ አፍ ላይ አያድርም። የሚያድረው ሰው ነው፣ ሰውየውም ልጆች አሉት። በታንኳ ለሚተዳደር አስጋሪ "ሁለት ወር አታስግር" ማለት "ሁለት ወር አትብላ" ማለት ነው። ስለዚህ ከምትለግሱት ላይ የጠባቂዎቹ የቀን አበል ይከፈላል። የቀረው ለመረብ፣ ለባትሪ፣ ለዝናብ ልብስና ቦቲ፣ ለአንዲት ጀልባ ቤንዚን ይውላል። አሮጌውን ያላስረከበ አዲስ መረብ አይወስድም። የተረከብነውን ሰው ፊት እንቆራርጠዋለን። ገቢና ወጪውም በየወሩ ይለጠፋል።

ለእምቦጭ ማጨጃ ማሽን ከባሕር ማዶ ያዋጣችሁ ወገኖች፣ ያን ጊዜ ዝም ብላችሁ አላያችሁንም። ይኼኛው ችግር ግን እንደ እምቦጭ ከሩቅ አይታይም፤ ፎቶም አይወጣለትም። እባካችሁ ዘንድሮም አትራቁን። ብሩን በአስጋሪዎች ማኅበራችን ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ አስገቡ፤ "እኔ አደርስላችኋለሁ" ለሚል ግለሰብ አትስጡ።

ብር ባይኖራችሁም የምታግዙን ነገር አለ። የባሕር ዳርና የጎንደር ምግብ ቤት ባለቤቶች፣ በነሐሴና በመስከረም ሆዱ እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ ሲመጣላችሁ አትቀበሉ። ያመጣላችሁን ሰውም ከየት ወንዝ እንዳመጣው ጠይቁልን።