የእንቁጣጣሽ ባዛር ነሐሴ 17 ይከፈት፤ ጭቃ ላይም አይተከል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። የሐምሌ ዝናብ ሲበረታ በባሕር ዳር ከድባንቄ ሰፈር እስከ ሽምብጥ ያለ ባለሱቅ ሁሉ «ገበያ የለም» ይላል። ለሐምሌ ልክ ነው። ሐምሌ ግብር የሚከፈልበትና የንግድ ፈቃድ እድሳት የሚጀመርበት ወር ነው፤ ተማሪው ወደየቤቱ ሄዷል፤ ገበሬው ከእርሻው አይነቃነቅም፤ ቅዳሜ ገበያም ይሳሳል። ነሐሴ አጋማሽን ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ችግሩ እኛ ለለውጡ ተዘጋጅተን አለመገኘታችን ነው። ይህን የምንጽፈው በባሕር ዳር የአዲስ ዓመት ባዛር ለሚያዘጋጁ፣ ቦታ ለሚፈቅዱና ድንኳን ለሚከራዩ ነው። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የሚከፈትበት ቀንና የሚተከልበት መሬት።

ቀኑን እናስቀድም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቂቤና እንቁላል ይዞ የቆመ ሰው ዝንብ ሲያባርር ይውላል። ጾመኛው ከቅዳሴ ወጥቶ ቤቱ ገብቶ እስኪቀማምስ ቀኑ ይመሻል፤ ዝናቡም በዚያው ሰዓት ይጀምራል። ቡሄ ነሐሴ 13 በጾሙ ውስጥ ስለሚውል ገበያው የዳቦ ነው። ነሐሴ 16 ደግሞ የሉካንዳና የዶሮ ተራ ቀን ነው፤ ባዛር ማን ያስታውሳል? ከ17 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን 5 ሲቆጠር 19 ቀን ይገኛል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 20።

ባዛሩ በጳጉሜን ቢከፈት ምን ይጎድላል ለሚል፣ መልሱ ደመወዝ ነው። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። የነሐሴው በወሩ መጨረሻ ይገባና በዚያች አንድ ደመወዝ እንቁጣጣሽ ይዋልባታል፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛባታል፣ መስቀልም ይደረስባታል። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ባሉት አራት አምስት ቀናት የት እንደሚወጣ ተወስኖ ያልቃል። ጳጉሜን 1 ድንኳን የሚተክል ነጋዴ የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ከ17 ጀምሮ ቆሞ የቆየ ግን ገዢው ደመወዙ ሳይገባ መጥቶ ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ «ለሃያ ስምንት አስቀምጥልኝ» ብሎት ሄዷል።

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የከተማችንን ልብስ ሰፊዎች ነው። ዩኒፎርም ልኬት ይፈልጋል፤ ጨርቁ ይገዛል፣ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ይለካል፣ ጠቦ ወይም ሰፍቶ እንደገና ይፈታል። ቢያንስ ሳምንት ይወስዳል። ነሐሴ 18 የተለካ ልጅ ለጳጉሜን ይደርስለታል። ባዛሩ በጳጉሜን ከተከፈተ ግን ሰፊው በድንኳኑ ውስጥ ሊሸጥ የሚችለው የተሰፋ ልብስ ብቻ ነው፤ በተሰፋ ልብስ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጭኖ ከሚመጣው ጋር በዋጋ አይገጥምም። ቀኑን በሁለት ሳምንት ማስቀደም ብቻ ሰፊውን በሚያውቀው ሥራ ያወዳድረዋል።

አሁን መሬቱ። ዋልካ የሆነ የኳስ ሜዳ በደረቅ ቀን ሲያዩት ሰፊ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ያማልላል። አንድ ሌሊት ከዘነበበት በኋላ ግን የሴት ጫማ ይውጣል፤ ጫማዋ የተዋጠ ሴት ወደ ሁለተኛው ድንኳን አትሄድም፣ ትመለሳለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ኮብልስቶን የተነጠፈ መንገድ ወይም አስፋልት የለበሰ ማቆሚያ መሆን አለበት፤ ከዳር ድንኳን፣ መሐሉ 4 ሜትር ለሰውና ለጋሪ። የግድ ሜዳ ላይ ከሆነ፣ ገረጋንቲ ሣሩ ላይ ዝም ብሎ አይደፋም። በየቦታው የምናየው ስህተት ይኸ ነው፤ ሣሩና ለስላሳው አፈር ከሥር ስላለ ድንጋዩ በሦስት ቀን ውስጥ ይሰምጣል፣ ገንዘቡም አብሮ። በቅድሚያ ከላይ ያለው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይጠረጋል፣ ከዚያ ገረጋንቲው ይደፋል፣ ይረገጣል፣ መሐሉ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱ ዳር እንዲያዘነብል ይደረጋል። ከድንኳኑ ጀርባ አንድ አካፋ ስፋት፣ አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ መውጫ ከሌለው ኩሬ ነውና፣ ውኃው የት እንደሚፈስ ከመቆፈሩ በፊት መታየት አለበት። መታያውም ቀላል ነው፦ በሐምሌ ዝናብ ካባራ በኋላ ሜዳው ላይ ሄዶ ውኃው የቆመበትን ቦታ በካስማ ምልክት ማድረግ። በነሐሴ ፀሐይ ያየ መሐንዲስ አያገኘውም።

ድንኳኑን በተመለከተ፣ ከአጣናና ከሸራ የሚሠራው 3 በ3 ሜትር በቂ ነው። ፊቱ 2 ሜትር ከ60፣ ጀርባው 2 ሜትር ይሁን፤ የ60 ሴንቲው ልዩነት ውኃውን ወደ ቦዩ ይመልሰዋል። ጠፍጣፋ ተደርጎ የተወጠረ ሸራ መሐሉ ላይ ይረግባል፣ የረገበው ውኃ ይይዛል፣ የያዘው ውኃ የበለጠ ያረግበዋል። ሁለት ካሬ ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢቆም 200 ኪሎ ነው፤ ሁለት ኩንታል እህል ጣሪያው ላይ እንደመስቀል። አጣናው ይሰበራል፣ የሚሰበረውም ሌሊት ማንም ሳያይ ነው። መፍትሔው በየ75 ሴንቲ ሜትሩ ከፊት ወደ ኋላ ማገር ማጋደም ነው። ሽቦም ቢሆን ይሠራል፣ እስከተወጠረ ድረስ። ከሐይቁ በኩል ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ደግሞ ከሥር ገብቶ ሸራውን ያነሳዋል፤ አራቱም ማዕዘን በካስማ ወደ ውጭ ይወጠር፣ በዋልካ ላይ ካስማው ቢያንስ 60 ሴንቲ ይግባ። ዕቃ መሬት አይነካም። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ከፍ ያለ የጣውላ መደብ ያስፈልጋል፤ ለጨርቅ፣ ለጫማና ለደብተር ነጋዴ ይህ መደብ ከሸራው ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ መብራት አጠር እናድርግ፤ ግን ሰው የሚሞትበት ነገር ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፒር ማለት ነው። ይህን ምጣድ ከፈንዲሻ ማሽንና ከውኃ ማፍያ ጋር በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት ገመዱን ማቅለጥ ነው። ለአምፖል ባለ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ለሶኬት ባለ2.5፣ ለምጣድ ደግሞ የብቻው መስመርና የብቻው ብሬከር። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድ ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። መጋጠሚያ ሁሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በአጣናው ላይ ይታሰር፤ ፕላስተር የተጠቀለለበት መጋጠሚያ እርጥብ ሣር ላይ መተኛት የለበትም። በዋናው ማከፋፈያ ላይ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ መከላከያ ይግባ። የኪራዩ ዋጋ ላይ ተጨምሮም ቢሆን ነጋዴው ይከፍላል።

በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ እናቶች በባዛሩ ብዙ ይሸጣሉ፤ ብዙም ይከስራሉ። በክረምት ፀሐይ ስለማይገኝ በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦና ደርቆ በግንቦት ማለቅ ነበረበት። የዘገየ ሰው በነሐሴ ያስፈጫል፣ ከወፍጮ እንደወጣም ትኩሱን በላስቲክ ቋጥሮ ያመጣል። ትኩስ በርበሬ በላስቲክ ውስጥ ያልበዋል፤ ላቡ ላስቲኩን ከውስጥ በኩል እንደ ጤዛ ይሸፍነዋል፣ ከሳምንት በኋላ ሻጋታው ይመጣል። ተፈጭቶ በንጹሕ ሸማ ላይ ሌሊቱን በቤት ውስጥ ተሰጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ይቋጠር። ገዢም ቢሆን በጭብጡ ጨበጥ አድርጎ ይልቀቀው፤ ከተበተነ ደረቅ ነው፣ ኳስ ሆኖ ከቀረ ውኃ አለበት። ለሽሮም ያው ነው። ድንኳን ውስጥ አንድ ኩንታል ከፍቶ ከማስቀመጥ የቀኑን 15 ወይም 20 ኪሎ ብቻ አምጥቶ የቀረውን ቤት መተው ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ የቦታ ጥያቄ አለን። ባለ3 ሜትር ድንኳን ለ19 ቀን በአንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚከራይ ከሆነ በርበሬ ሻጯም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ከዘጌ ቡና ይዞ የሚመጣውም አይገባበትም፤ የሚገባው ትልቅ ካፒታል ያለው ነው። ከየአሥሩ ድንኳን ሁለቱ ለሁለት ተከፍለው ባለ1 ሜትር ተኩል ፊት ይሁኑ፣ በሳምንት ይከራዩ። ቅዳሜ ቅዳሜን ብቻ የሚፈልጉም አሉ፤ ለእነሱ ከመግቢያው አጠገብ ጣሪያ ያለው አንድ ረጅም መደብ በቀን ኪራይ ይበቃል። አዘጋጁ ከዚህ የሚያጣው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የሚያገኘው ደግሞ የሰፈሩን ሰው ነው፤ ጎረቤቱ የሚሸጥበት ባዛር ላይ ሰው ሳይጠራ ይመጣል።

ዓሣ የሚጠብሱትን በተመለከተ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ነጭ ዓሣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣል፤ ወንዞቹ ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አፍ ላይ ስለሚከማች በመረብ ማጋበስ ቀላል ነው። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የሉም። ለባዛር ተብሎ ከወንዝ አፍ የተጋበሰ ነጭ ዓሣ ባይሸጥ፣ በምትኩ ከሐይቁ የሚወጣ ቆሮሶና አምባዛ ቢቀርብ ማንም አይራብም። ፊሌቶ ለሚያቀርብ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ይያዝ፣ የሚቀልጠው ውኃ ዓሣው ላይ ሳይቆም ከሳጥኑ በታች ይውጣ። የጠቆረ ዘይት ይደፋ፤ ቦዩ ውስጥ ግን አይደፋ።

ከባዛሩ ጎን ለጎን የሚዘጋጁት ነገሮች በሰዓታቸው ቢሆኑ ይበጃል። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሌሊቱን ስለሆነ የልጆች ጨዋታ፣ ሩጫና የባህል ጭፈራ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ይሁን። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ጀልባ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቶ በቀትር መመለስ አለበት፤ የሕይወት ጃኬት በተሳፋሪው ቁጥር ልክ ይኑር፣ ከወንበር ሥር ታስሮ ሳይሆን ሰው ላይ ተለብሶ። ጢስ አባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋ ውኃው ለኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይከሳል፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ግን ሙሉ ነው። የባዛሩ እንግዳ ወደዚያ የሚሄድበት የቅዳሜ አውቶቡስ ቢኖር የጢስ አባይ ባለሻይ ቤቶችም ይጠቀማሉ። መሄጃው መንገድ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ይደረግ። ችቦ ሻጮች ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚሆነውን ጭራሮ ከአሁኑ ከምድጃ በላይ ይስቀሉ፤ በሳምንቱ የተሰበሰበ እርጥብ ጭራሮ ጭስ እንጂ ብርሃን አይሰጥም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ቦታው እስከ ሐምሌ 20 ከታወቀ፣ ድንኳኑም እስከ ነሐሴ 5 በዕጣ ከተደለደለ ነው። ነሐሴ 10 ላይ ዕጣ የወጣለት ነጋዴ አጣናውን የሚገዛው በዋጋው ሳይሆን ሻጩ በጠራው ነው። ቀኑን፣ ቦታውንና የኪራዩን ልክ በጋዜጣችሁ አስቀድሞ እንዲወጣ ብትጠይቁልን፣ ማስታወቂያውን በየሱቁ በር ላይ የምንለጥፈው እኛው ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳር በችርቻሮና በእጅ ሥራ የምንተዳደር ነጋዴዎች