አንድ ከሆነ ዋዝዎልፍ፣ ሁለት ሲሆኑ ዌርዎልፍ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ነሽ? የእንግሊዟ ዮርክ ብርድ ጀመረ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬ አስፈጭታለች፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካገኘን እንልክልሻለን።

የላክሽው ቀልድ ደርሶኛል። «አንድ ከሆነ ዋዝዎልፍ፣ ሁለት ሲሆኑ ዌርዎልፍ።» እናትሽ፣ ዌርዎልፍ በተረታቸው ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰው ነው፣ በእንግሊዝኛ «ዋዝ» ለአንድ «ነበር»፣ «ዌር» ለብዙ «ነበሩ» ማለት ነው ብላትም፣ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባትም። እኔ ግን ስስቅ አመሸሁ። ዕድሜውን ሙሉ «ዋዝ»ን እና «ዌር»ን አታምታቱ እያለ ተማሪ ሲቆጣ የኖረ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሌላ ምን ያስቀዋል? ጓደኞችሽ «ዌር ዎልፍ?» ማለትም «ተኩላው የታለ?» እያሉ የሚቀልዱትም አይከፋም። ግን ሁሉም የሚጫወተው ድምፁ ላይ ነው። ሰሙን ይዛችሁ ወርቁን ትታችሁታል።

ዌርዎልፍ ውስጥ ያለው «ዌር» ከ«ዋዝ» ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዌር» ማለት ሰው ነው፤ ያውም ወንድ፣ አዋቂ ወንድ። «ዉልፍ» ተኩላ ነው። ሲገጥሙ ሰው-ተኩላ። የላቲኑ «ቪር» የዚህ «ዌር» የቅርብ ዘመድ ነው። ቃሉ ለብቻው ከሞተ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ «ማን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቦታውን ቀማው። ግን አንቺ ሳታውቂው በየቀኑ ትጠሪዋለሽ። «ዎርልድ» (ዓለም) ውስጥ ተሸሽጓል፤ መነሻው «የሰው ዘመን» ማለት ነበር። የድሮ ሕጋቸው ውስጥ ደግሞ «ዌርጊልድ» አለ። የሰው ዋጋ ማለት ነው፤ የኛው የደም ካሳ።

«ሴት ዌርዎልፍ ትሆናለች ወይ?» ላልሽው፣ ፊደሉን ከያዝን አትሆንም። ሴት በዚያ ዘመን «ዊፍ» ነበረች፤ የዛሬው «ዋይፍ» ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ «ዊፍዎልፍ» መባል ነበረባት። በጥንቱ ጽሑፍ ግን እንዲህ የሚል ቃል አላየሁም። ካማረሽ አንቺ ጀምሪው።

አሁን ወደ ከተማሽ ልምጣ። ዌርዎልፍ የሚለው ቃል የአውሬ ስም ሆኖ ከሁሉ ቀድሞ ተጽፎ የምናገኘው በእንግሊዝ ንጉሥ በክኑት ሕግ ውስጥ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1020 አካባቢ ነው። ሕጉን ያረቀቀለት የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን ነው። ጳጳሳትና ካህናት እረኞች ናችሁ ይላል፤ ነቅታችሁ ጩኹ፣ አለዚያ ያ ያበደ ዌርዎልፍ መንጋውን ይጨርሰዋል። ሙሉ ጨረቃ የለም፣ ፀጉር የሚያበቅል ሰው የለም። ዌርዎልፉ ሰይጣን ነው። የበግ ለምድ የለበሰው የወንጌሉ ተኩላም አብሮ የታሰበው ይመስለኛል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ዉልፍስታን ማለት «ተኩላ-ድንጋይ» ማለት ነው። ሰውየው በላቲን ሲጽፍ ራሱን «ሉፑስ» ይል ነበር፤ ተኩላ! እ.ኤ.አ. በ1014 ለእንግሊዞች የጻፈው ታዋቂ ስብከት ርዕሱ ራሱ «የተኩላ ስብከት» ነው። እንግዲህ ተኩላ ብሎ የሚፈርም ጳጳስ ነው እረኞችን ከተኩላ ተጠንቀቁ የሚለው። ይህን ሳያውቀው ጻፈው ብትዪኝ አላምንሽም። ከእሱ በፊት በንጉሥ አልፍሬድ ቤት ስሙ ራሱ ዌርዉልፍ የሆነ ቄስ ነበር። ያኔ ተኩላ የጀግና ስም ነው፤ እኛ ዘንድ አንበሴ፣ ነብሮ እንደምንለው።

ፈረንሳዮቹ «ሉ-ጋሩ» ይላሉ። «ሉ» ተኩላ ነው። «ጋሩ» ደግሞ ከጀርመን ወገን የመጣው ያው ሰው-ተኩላ ነው። ሲገጣጠም ተኩላ-ሰው-ተኩላ! «ኤም» ራሱ ማሽን ሆኖ ሳለ «ኤቲኤም ማሽን» ከሚለው ከኛ ሰው አይብሱም።

በሃሎዊን ማታ የአገርሽን ዌርዎልፍ ንገሪን ብለውኛል፣ የቡዳውን ላውራላቸው ወይ ብለሻል። አውሪ። ሰው የሚለወጠው ወደሚፈራው አውሬ ነው። የኛ ቀይ ቀበሮ ባሌ ላይ አይጥ እያሳደደ ይውላል፤ ማን ይፈራዋል? ሌሊቱ የጅብ ነው። ስለዚህ የኛው ሰው አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል። ሳቢን ቤሪንግ ጉልድ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ዌርዎልፍ መጽሐፍ ሲያሳትም የኛንም ቡዳ አስገብቶታል። የወርቅ ጉትቻ በጆሮው ያንጠለጠለ ጅብ ታየ የሚለውን ወሬ ከኛ አገር ይዘው የሄዱት ተጓዦች ናቸው። ለጓደኞችሽ ከጉትቻው ጀምሪላቸው፤ ይወዱታል።

ግን ማን ቡዳ ይባል እንደነበር ሳትነግሪ አትለፊ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ጎንደር አካባቢ ደግሞ ቤተ እስራኤሎች። ሰው ማረሻውን ከእነሱ ይገዛ ነበር፣ ማዕድ ግን አብሯቸው አይቀርብም ነበር። አያትሽ ምጣድ የምትገዛው ከአንዲት ሴትዮ ነበር። ሴትዮዋ ብቅ ስትል አያትሽ እኛን ልጆቹን ከቀሚሷ ኋላ ትሸጉጠናለች፣ ዓይኗ እንዳይበላን። ከዚያ ጎንበስ ብላ ምጣዱን በጣቷ ኳ ኳ ታደርጋለች። ስንጥቅ እንደሌለው ከድምፁ ታውቃለች። ዋጋ ተከራክራ ትገዛለች። ማታ እንጀራችን በዚያው ምጣድ ይጋገራል። ሴትዮዋን ቀና ብሎ «ዋልሽ?» ያላት ሰው ትዝ አይለኝም።

አውሮፓም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ጀርመን አገር ኮሎኝ አጠገብ ፒተር ሽቱምፕ የሚባል ገበሬ ዌርዎልፍ ነህ ተብሎ፣ በሥቃይ ተናዝዞ ተገደለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1589። የሃሎዊን ድግሳችሁ ቀን ነው። ሴት ልጁንም አብረው ገደሏት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ዮርክ ሚንስተር፣ ካቴድራሉ ውስጥ፣ አንድ ሺህ ዓመት ያለፈው የብራና ወንጌል አለ። ዉልፍስታን በገዛ እጁ የጻፈበት ቦታ አለው። ለሕዝብ የሚያሳዩ ከሆነ ሄደሽ እይልኝ። ፎቶ ከከለከሉ፣ እጁ ጽሑፉ ደቃቅ ይሁን ጉልህ ብቻ ጻፊልኝ።

አባትሽ